የመኪና ሬዲዮ መቆራረጥና ጩኸት፡ ምክንያቱን ለመለየት የሚረዳ ማብራሪያ በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ለሚያሽከረክሩ ተገልጋዮች

ከሮቤ ተነስቶ በጎባ በኩል የሳነቴን አምባ በማቋረጥ ወደ ደሎ መና፣ ከዚያም ወደ ብድሬ የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር የሚጓዝ አሽከርካሪ በሮቤ ሜዳ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማው የነበረ ሬዲዮ ዳገቱን ሲይዝ ሊቆራረጥበት፣ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ሲወርድ ደግሞ ፈጽሞ ሊጠፋበት ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ችግሩ ከቦታው ሳይሆን ከመኪናው ይመነጫል። ሁለቱን ሳይለዩ በተለምዶ ቴፕ የሚባለውን የመኪና ሬዲዮ ወይም አንቴናውን መለወጥ፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላም ጩኸቱ እንዳለ ሆኖ እንዲገኝ ያደርጋል።

ጉዳዩ በመዝናኛ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሬዲዮ የስልክ አገልግሎት በማይደርስበት ቦታ ጭምር ዜናና ማስጠንቀቂያ የሚገኝበት መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ ከሬዲዮው የሚወጣው ጩኸት የመኪናው ኤሌክትሪክ መጎዳቱን አስቀድሞ የሚያመለክትበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳቸው ወይም አቤቱታ ከማቅረባቸው በፊት የችግሩን ምንጭ በራሳቸው እንዲለዩ ለመርዳት ተዘጋጅቷል።

በቅድሚያ ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

ማንኛውንም ዕቃ ከመፍታትዎ ወይም ከመለወጥዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይመልሱ።

1. ችግሩ በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ጣቢያዎች ላይ? በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ከማሰራጫው ርቀት ወይም ከጣቢያው ሥርጭት ጋር የተያያዘ ነው።

2. ችግሩ በአንድ ቦታ ብቻ ነው ወይስ በሄዱበት ሁሉ ይከተልዎታል? በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የመልክዓ ምድሩን አቀማመጥ ወይም በአካባቢው ያለን የኤሌክትሪክ መስመር ይጠርጥሩ።

3. ሞተሩን አጥፍተው ሬዲዮውን ብቻ ሲከፍቱ ጩኸቱ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? የሚቆም ከሆነ የጩኸቱ ምንጭ መኪናው ራሱ ነው።

መልሱን ለማረጋገጥ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ወይም ሌላ መኪና በዚያው ቦታ ላይ ያነጻጽሩ። የሌላው ሰው ሬዲዮ በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ጣቢያ ላይ ጥርት ብሎ ከተሰማ ጉድለቱ በእርስዎ መኪና ላይ ነው፤ ሁለቱም ካልጠሩ ግን የእርስዎን ሬዲዮ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

የመልክዓ ምድር ተጽዕኖ

የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይተላለፋል። ይህ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ መስመር ተከትሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራን አልፎ ወደ ኋላው በቀላሉ አይደርስም። መሬቱ ሜዳ ሆኖ የማሰራጫው አንቴና ከአካባቢው 100 ሜትር ከፍ ቢል ሞገዱ እስከ መኪና አንቴና ድረስ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀት በግምት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ማሰራጫው 400 ሜትር ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ቢተከል ርቀቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከዚህ ርቀት ውጭ ሥርጭቱ እየሳሳ ሄዶ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይተካዋል።

በመሆኑም ሮቤና ጎባ በሚገኙበት ገላጣ ሜዳ ላይ የአንድ ማሰራጫ ሥርጭት በሰፊው ሊዳረስ ሲችል፣ ሳነቴን ተሻግሮ በደቡብ በኩል የሚወርደው መንገድ ግን ከተራራው ጥላ ሥር ይገባል። ከሰሜን በኩል የሚመጣው ሞገድ በተራራው ግድግዳ ስለሚታገድ፣ በሐረና ደን ውስጥ የሬዲዮው መጥፋት የመሣሪያው ብልሽት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። በተቃራኒው በአምባው ላይ እያሉ ከሩቅ የሚመጡ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። የኤፍ ኤም መቀበያ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሚደርሱት ሁለት ጣቢያዎች ጠንካራውን ብቻ የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ የሚያዳምጡት ፕሮግራም ድንገት በሌላ ቢተካ ሊገርምዎት አይገባም።

ተራራማ ቦታ ላይ የሚያጋጥም ሌላም ችግር አለ። ሞገዱ በቀጥታ ከመድረሱ ባሻገር ከገደልና ከተራራ ጋር ተጋጭቶ በመመለስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል። ምልክቱ በሚጓዙበት ጊዜ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ በተለይም «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች መሻከራቸው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ስለሆነ መኪናውን አንድ ሜትር ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ በማንቀሳቀስ ብቻ ድምፁ ሊጠራ ይችላል። ከጠራ ምክንያቱ ይኸው የሞገድ ነጸብራቅ እንደሆነ ይረዱ።

ሥርጭቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ሬዲዮው ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ የሚቀየር ከሆነ ይቀይሩት፤ የስቴሪዮ ሥርጭት በጥራት ለመሰማት ይበልጥ ጠንካራ ሞገድ ስለሚፈልግ ለውጡ ሽሽታውን በጉልህ ይቀንሰዋል። «ኤል ኦ ሲ» የሚል ምልክት ያለው ቁልፍ በስህተት ተጭኖ ከሆነም ሬዲዮው ደካማ ጣቢያዎችን እየዘለለ ስለሚያልፍ ያጥፉት።

መካከለኛ ሞገድ

የኤፍ ኤም ሥርጭት በማይደርስበት ቦታ መካከለኛ ሞገድን መሞከር ይጠቅማል። ይህ ሞገድ የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ስለሚጓዝ ከኤፍ ኤም ይልቅ ሩቅ ይደርሳል። ሮቤም የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከተተከለባቸው የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ መካከለኛ ሞገድ ለኤሌክትሪክ ጩኸት የተጋለጠ ነው። በክረምትና በበልግ ዝናብ ወቅት የሚሰማው የመሰነጣጠቅ ድምፅ ከመብረቅ የሚመጣ ሲሆን የሬዲዮው ጉድለት አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይህን ሞገድ ቀን ቀን የሚያዳክመው የላይኛው አየር ንብርብር ስለሚጠፋ ከሩቅ አገሮች የሚመጡ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተደራርበው ሊሰሙ ይችላሉ። ይህም የተፈጥሮ ክስተት ነው።

ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ ሬዲዮዎች

ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ያገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ሬዲዮ በአብዛኛው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ብቻ የሚይዝ ነው፤ አዳዲሶቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው ሬዲዮ ምንም ብልሽት ባይኖርበትም በ97.1፣ በ98.1 ወይም በ102.1 የሚሰራጩትን ጣቢያዎች ሊይዝ አይችልም። ፍሪኩዌንሲ ዝቅ የሚያደርገው አነስተኛ መሣሪያ በአንቴናው ገመድና በሬዲዮው መካከል ሲገጠም ጣቢያዎቹ በሌላ ቁጥር ላይ ይገኛሉ፤ ለምሳሌ መሣሪያው 18 ሜጋ ኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ 97.1 የነበረው በ79.1 ላይ ይሰማል። መሣሪያው ርካሽና ጥራት የጎደለው ሲሆን ግን ራሱ ጩኸት ሊጨምር ይችላል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሬዲዮ ደግሞ መካከለኛ ሞገድን በ10 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ይፈልጋል፤ በአፍሪካ ግን ጣቢያዎች የሚደለደሉት በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ነው። ስለዚህ በ873 የሚሰራጭ ጣቢያ በ870 ላይ ተዛብቶ ይሰማል። በብዙ ሬዲዮዎች ላይ የአገር ወይም የክልል ምርጫ ማስተካከያ ስላለ ከመለወጥዎ በፊት መመሪያውን ይመልከቱ።

አንቴናና ገመዱ

በሁሉም ጣቢያዎችና በሁሉም ቦታ የሚታይ ደካማነት፣ ሞተሩ ጠፍቶም የማይሻሻል ከሆነ፣ በቅድሚያ አንቴናውን ይመርምሩ።

• ዘንጉ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን፣ አለመሰበሩንና ከሥሩ አለመላላቱን ያረጋግጡ። ለኤፍ ኤም የሚስማማው የዘንግ ርዝመት የሞገዱ ሩብ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በግማሹ ተቆርጦ የቀረ ዘንግ በከተማ ውስጥ ቢሠራም በገጠር መንገድ ላይ ይደክማል።

• የአንቴናው መቀመጫ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ጭቃ፣ ውኃና ዝገት ግንኙነቱን ካቋረጡት ሞገዱ ይዳከማል፤ የሞተሩም ጩኸት ወደ ገመዱ ይገባል።

• ሬዲዮው ከተለወጠ ወዲህ የመጣ ችግር ከሆነ የአንቴናው ማጎልበቻ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ያስፈትሹ። በመስታወት ላይ የተሳለ ወይም አጭር የጣሪያ አንቴና ያላቸው ብዙ መኪናዎች ማጎልበቻ አላቸው። አዲሱ ሬዲዮ ሲገጠም ማጎልበቻውን የሚያበራው ገመድ ሳይገናኝ ከቀረ ጥሩ ሬዲዮም ደካማ ይሆናል።

• አንቴናው በመስታወት ላይ ከሆነ ብረት ነክ የፀሐይ መከላከያ ፕላስቲክ መለጠፍ አቀባበሉን ይቀንሳል።

መልቲ ሜትር ያለው ባለሙያ ማጎልበቻ የሌለውን የዘንግ አንቴና ገመድ ከሬዲዮው ነቅሎ በቀላሉ ሊፈትሽ ይችላል። ከመሰኪያው የመሃል ጫፍ እስከ ዘንጉ ግንኙነት መኖር አለበት፤ ከመሰኪያው የውጭ ቀለበት እስከ መኪናው አካልም እንዲሁ። በመሃሉ ጫፍና በውጭው ቀለበት መካከል ግን ግንኙነት ሊኖር አይገባም።

መኪናው ራሱ የሚፈጥረው ጩኸት

ጩኸቱ ሞተሩ ሲነሳ የሚጀምር ከሆነ መኪናውን በገላጣ ቦታ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ አርቀው ያቁሙና የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይከተሉ። መኪናው በእጅ ፍሬን መያዙንና ማርሹ ነጻ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ፍተሻው በሚነዱበት ጊዜ ሊደረግ አይገባም።

1. ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብለው ይጫኑ። ከሞተሩ ዙር ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ከሰሙ ምንጩ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ከዙሩ ጋር እየፈጠነ የሚሄድ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሆነ ደግሞ የካንዴላና የገመዶቹ ችግር ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ስለማያቀጣጥል፣ በናፍጣ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ምክንያቱ በሌላ መሣሪያ ይፈለግ።

2. ጩኸቱ በሞተሩ ዙር የማይለወጥ ከሆነ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ይንቀሉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኸው ብቻ ነው፤ ርካሽ ቻርጀሮች ከፍተኛ የሬዲዮ ጩኸት ይፈጥራሉ። ቀጥሎ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የአየር ማራገቢያውን፣ የጉዞ ካሜራውንና በኋላ የተገጠሙ የኤል ኢ ዲ መብራቶችን አንድ በአንድ እያጠፉ ያዳምጡ።

3. ከሬዲዮ ወደ ፍላሽ ማጫወቻ ይለውጡ። ፉጨቱ ሙዚቃውም ላይ ከተሰማ ችግሩ ከሞገድ አቀባበል ጋር ግንኙነት የለውም፤ ጩኸቱ የሚገባው በኤሌክትሪክ ገመዱ ወይም በኔጋቲቭ ግንኙነቱ በኩል ነው።

4. የድምፅ መጠኑን ዝቅ ያድርጉ። ጩኸቱ አብሮ ከቀነሰ ከድምፅ ማጉያው በፊት እየገባ ነው፤ ምንም ሳይለወጥ ከቀረ ደግሞ በማጉያው ወይም በድምፅ ማጉሊያ ገመዶቹ በኩል ነው።

5. ባለሙያው የአንቴናውን መሰኪያ ከሬዲዮው ጀርባ እንዲነቅለው ያድርጉ። መሰኪያው ተነቅሎም ሞተሩ ሲሠራ ያው ጩኸት ከቀጠለ በኤሌክትሪክ ገመድ በኩል ይገባል። የሚጠፋ ከሆነ ግን በአንቴናው በኩል ስለሚገባ የአንቴናው መቀመጫ፣ እንዲሁም ከሞተር ኮፈኑና ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄዱት የኔጋቲቭ ገመዶች ይፈተሹ።

በመናኸሪያ ወይም በሰልፍ ላይ ብቻ ድንገት የሌላ ሰው ሙዚቃ በሚያዳምጡት ጣቢያ ላይ ከገባ ምንጩ በአጠገብዎ በቆመ መኪና ውስጥ ያለ ሙዚቃን በኤፍ ኤም የሚያስተላልፍ አነስተኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የእርስዎም መሣሪያ ሌላውን እንዳይረብሽ በአካባቢው ጣቢያ በሌለበት ቁጥር ላይ ያድርጉት።

የኤሌክትሪክ መኪናዎች

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መደረጉን ተከትሎ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ እየበዙ ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው መሣሪያ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ከፍተኛ ጩኸት ስለሚፈጥር አንዳንድ አምራቾች ይህን ሞገድ ከሬዲዮው ጨርሶ አስወግደውታል። የመካከለኛ ሞገድ ምርጫ በመኪናዎ ላይ ካልተገኘ ይህ የአምራቹ ውሳኔ እንጂ ብልሽት አይደለም። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ለሕይወት አስጊ የሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ከሠለጠነ ባለሙያ በስተቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም።

ጩኸቱ ማስጠንቀቂያ የሚሆንበት ጊዜ

ቀድሞ ያልነበረ የዲናሞ ፉጨት በድንገት ሲጀምር የሬዲዮ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም። በዲናሞው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክሉ ክፍሎች ሲጎዱ ከሚታዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ይኸው ፉጨት ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ የሚለካው ኃይል በባለ 12 ቮልት መኪና ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት፣ በባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ደግሞ ከ27.6 እስከ 28.8 ቮልት አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከዚህ በእጅጉ የሚያንስ ከሆነ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ዲናሞው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ መጠኑ ለጊዜው ሊለዋወጥ ይችላል፤ ውሳኔውን ለባለሙያ ይተዉ።

እንደዚሁም የካንዴላ ገመድ ሲሰነጠቅ ከሬዲዮው ጩኸት በተጨማሪ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ይህም በዳገት ላይ ይበልጥ ይታወቃል። የሳነቴ አምባ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት፣ ጉም የሚበዛበትና መኖሪያ ቤት ተራርቆ የሚገኝበት ቦታ ነው። ባትሪው ያለቀበት መኪና መብራቱም ማሞቂያውም አይሠራም። ስለሆነም አዲስ ፉጨት ወይም የባትሪ መብራት ያዩ አሽከርካሪዎች ጉዞአቸውን ወደ አምባው ከመቀጠላቸው በፊት በሮቤ ወይም በጎባ እንዲያስፈትሹ አጥብቀን እንመክራለን።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• የባትሪውን ገመድ ሳይፈቱ የኤሌክትሪክ ገመድ አይቁረጡ፣ አይቀጥሉ። ፊውዝን በሽቦ መተካት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

• የጩኸት ማጥለያ መግጠም የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። የላላ የኔጋቲቭ ግንኙነትን ወይም የተጎዳ ዲናሞን በማጥለያ መሸፈን ብልሽቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስተካክለውም።

• ጩኸቱ ከፍጥነት መገደቢያ ወይም ከጂፒኤስ መሣሪያ የሚመጣ ከሆነ መሣሪያውን ራስዎ አይንቀሉ፤ ገመዱ ከአንቴናው ገመድ ርቆ እንዲዘረጋ የገጠመውን አካል ይጠይቁ።

• ጣቢያ መፈለግም ሆነ ጩኸት መፈተሽ መኪናው ቆሞ ይከናወን።

አቤቱታ የሚቀርብበት ሁኔታ

ከላይ በተገለጸው ፍተሻ ምንጩ መኪናው አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ያቅርቡ።

በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ሲያልፉ ብቻ የሚሰማ ኃይለኛ ጩኸት ካለ፣ በተለይም በምሰሶው ላይ ብልጭታ ከታየ፣ ወደ ቦታው ሳይጠጉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያሳውቁ። ፈቃድ ባለው ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ ሥርጭት የሚገባ ከሆነ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውና የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይመለከተዋል። የአንድ ጣቢያ ሥርጭት ከቀድሞው የደከመ ወይም የሚቋረጥ ከሆነ በቅድሚያ ለጣቢያው ያመልክቱ። የብሮድካስት ፈቃድን የሚመለከቱ ጉዳዮች ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የሚቀርቡ ናቸው።

አቤቱታዎ በቶሎ እንዲጣራ የሚከተሉትን መረጃዎች በጽሑፍ ያዘጋጁ፤

• ችግሩ የተከሰተበት ቀንና ሰዓት፤
• ትክክለኛው ቦታ፣ ለምሳሌ ከጎባ ወደ ሳነቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሆነ፤
• የጣቢያው ፍሪኩዌንሲና የጩኸቱ ዓይነት፤
• በሌላ ሬዲዮ ላይ ተሞክሮ የተገኘው ውጤት፤
• ሞተሩ ጠፍቶ ጩኸቱ መቀጠሉ ወይም መቆሙ።

በእነዚህ ነጥቦች የተደገፈ ማመልከቻ ባለሙያው በቦታው ተገኝቶ ለመለካት ያስችለዋል። «ሬዲዮዬ አይሠራም» በሚል ብቻ የሚቀርብ አቤቱታ ግን ፍለጋውን ከመነሻው እንዲጀመር ያደርገዋል። ተገልጋዮችም ይህን ማብራሪያ በመከተል ከአላስፈላጊ ወጪ ራሳቸውን እንዲጠብቁ፣ መኪናቸውንም በወቅቱ እያስፈተሹ በሰላም እንዲጓዙ እናሳስባለን።